ስንቱ ጸደቀ?



በእኛ በአምባሰል አገር መኸሩ ገብቶ አውድማው ከተጠረገ በኋላ ምን እንደሚከተል ሁሉም ያውቀዋል። ጥር ላይ ጥሪው ይመጣል፤ ዶማና አካፋ የያዘ ሰው ወደ ተራራው ይወጣል። የተፋሰስ ልማት ዘመቻው ተጀመረ ማለት ነው። ለሦስት ለአራት ሳምንት ያህል እርከን ይሠራል፤ ጎርፍ መያዣ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ቦረቦሩ በድንጋይ ክትር ይታሰራል። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ችግኝ ይመጣና የአረንጓዴ አሻራ ተከላ ይሆናል።

ባለፈው ጥር ከወጣቶቻችን አንዱ ከዘመቻው ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘኝ። "መጋቢ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ድንጋይ መደርደር የመንግሥት ሥራ ነው ወይስ የአማኝ? እኔ እንደሁ የምሄደው ስሜ እንዲመዘገብልኝ ብቻ ነው" አለኝ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ብዙዎቻችን በልባችን ይዘነው የምንዞረውን እርሱ በአፉ አወጣው። መልሱ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ለእርሱም ለእናንተም በጽሑፍ ላድርሰው ብዬ አሰብኩ።

የገነት ሁለት ሥራዎች

ወደ መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ እንመለስ። እግዚአብሔር አዳምን በዔድን ገነት ሲያኖረው ሁለት ሥራ ሰጠው (ዘፍ. 2፥15)። አንደኛው ምድሪቱን ማልማት ነው፤ ሁለተኛው እርሷን መጠበቅ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ከውድቀት በፊት ነው። ሥራ ከእርግማን አልተወለደም፤ እርግማኑ ያመጣው እሾሁንና ድካሙን ነው።

በዕብራይስጡ የመጀመሪያው ቃል "አባድ" ነው። ማረስንም፣ ማገልገልንም፣ እግዚአብሔርን ማምለክንም ያመለክታል። ሁለተኛው ቃል "ሻማር" ነው፤ ነቅቶ መጠበቅና መንከባከብ ማለት ነው። ሌዋውያን የመገናኛውን ድንኳን እንዲያገለግሉና እንዲጠብቁ በታዘዙበት ክፍል የምናገኛቸው እነዚሁ ሁለት ቃላት ናቸው (ዘኍ. 3፥7-8)። ቃየን "እኔ የወንድሜ ጠባቂ ነኝ ወይ" በሚል መንፈስ ለእግዚአብሔር ሲመልስ የካደው ሥራ ይኸው መጠበቅ ነው (ዘፍ. 4፥9)። በመዝሙር 121 ደግሞ የማያንቀላፋው የእስራኤል ጠባቂ በዚሁ ቃል ተጠርቷል። እንግዲህ መጠበቅ መጀመሪያ የጌታ የራሱ ሥራ ነው፤ እኛ ከእርሱ የተቀበልነው ነው።

ይህን በሥነ መለኮት ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። ይበልጥ የገባኝ ግን የአገሬን ተራራ ሳይ ነው። እኛ ወሎዎች በማልማቱ አንታማም። የጎደለን መጠበቁ ነው።

ድንጋዩ ያየው ዘመን

ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በረኃብ ተመታ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የባሰው መጣ። በ1977ቱ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። በነዚያ ዓመታት "ምግብ ለሥራ" የሚባለው ፕሮግራም ነበረ። እህሉ ከዓለም ምግብ ፕሮግራም ይመጣል፤ ሰው ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ ስንዴና ጥቂት ዘይት ይቀበላል። እናቴ በጀርባዋ ድንጋይ ተሸክማ እርከን ሠርታለች፤ እኔም ትንንሹን ድንጋይ እያቀበልኩ ተከትያታለሁ። ያ ስንዴ ቤታችንን አቆይቷል፤ ስለ እርሱ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። በየተራራው እርከን ተሰለፈ፤ ኮረብታው ተከለለ፤ ባሕር ዛፍና ጽድ ተተከለ።

ከዚያ 1983 ዓ.ም. ሆነ። መንግሥት ሲለወጥ፣ በወሎም በሌላውም የአገራችን ክፍል፣ የሕዝብ ደን የተባለው ብዙው ተጨፈጨፈ፤ እርከኑም በብዙ ቦታ ፈረሰ። የሠራው ሕዝብ ነበር፤ ያፈረሰውም ያው ሕዝብ ነበር።

ለምን? ገበሬው ዛፍ ስለሚጠላ አይደለም። የወሎ ገበሬ ጥላ ያለውን ዛፍ ይመርቃል። ግን እርከኑ ከጠባብ ማሳው ላይ መሬት ወሰደበት፤ በሬ ጠምዶ ማዞር አስቸገረው፤ በድንጋዩ ውስጥ አይጥ ተራባበት። ተራራው ሲከለል ከብቱ የሚግጠው አጣ፤ ሣሩ የማን እንደሆነም የነገረው የለም። ዛፉን የተከለው በገበሬ ማኅበሩ ትእዛዝ ነበር፤ የሚቆርጠው ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ስለዚህ ትእዛዙ ሲነሣ ጠባቂውም አብሮ ተነሣ። ሲጀመር በልቡ ጠባቂ ሆኖ የቆመ ሰው ጥቂት ነበር።

ለወጣቱ ያልኩትም ይህንኑ ነው፦ "ስምህ እንዲመዘገብ ብቻ የደረደርከው ድንጋይ፣ መዝገቡ ሲዘጋ ይፈርሳል።"

አንድ ግስ ያመጣው

የእኛ ከተማ በዓለም የታሪክ መጻሕፍት የገባችው በአንድ ግስ ምክንያት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ እዚሁ አጠገባችን፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። በአንቀጽ 17 የአማርኛው ቅጂ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል ለመላላክ ይችላሉ የሚል ነበር። የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ነገሩን ግዴታ አደረገው። በ"ይቻላል" እና በ"ግድ ነው" መካከል ያለው ርቀት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ድረስ ወሰደን።

የውጫሌ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ ሊያስብ ይገባዋል። የልማት ፕሮግራሙን እኛ የምናነበው በየትኛው ቅጂ ነው? "ግድ ነው" በሚለው ካነበብነው ቀኑን ቆጥረን እንመለሳለን። "ይቻለኛል" በሚለው ካነበብነው ግን የተፈቀደልኝ ምንድን ነው፣ ለጎረቤቴ ምን ላደርግበት እችላለሁ ብለን እንጠይቃለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ መስጠት ሲጽፍ፣ በግድ ወይም በኀዘን እንዳይሆን፣ እግዚአብሔር የሚወደው በደስታ የሚሰጠውን እንደሆነ አስተምሯል (2ቆሮ. 9፥7)። ጉልበትም ስጦታ ነው። ላባችንም እንደ መባችን በደስታ ሊቀርብ ይችላል።

ዛሬ ያለን ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን የምናማርረውን ፕሮግራም አናውቀውም። በአጭሩ ላስረዳ።

የተፋሰስ ሥራው የሚመራበትን መመሪያ ግብርና ሚኒስቴር ያወጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። መመሪያው ሥራው ከሕዝቡ እንዲጀምር፣ ነዋሪው የመረጠው የተፋሰስ ኮሚቴ እንዲኖርና ነዋሪው የራሱን መተዳደሪያ ደንብ እንዲያወጣ ይላል። በዚያው በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። ምግብ በሚያጥርባቸው ወረዳዎች ያሉ ጉልበት ያላቸው ድሆች በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርተው ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላሉ፤ አቅመ ደካሞች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ያለ ሥራ ይረዳሉ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ የምናየው የነጻ ጉልበት ዘመቻ ተጨመረበት። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ተጀመረ። በዚያ ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብቻ በመላው አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል፤ በአራት ዓመት ደግሞ 20 ቢሊዮን ለመትከል ታቅዶ ነበር።

ቁጥሩ ትልቅ ነው። እኔ ግን አንድ የአማርኛ ቃል ሁልጊዜ ይገርመኛል። የተተከለ ችግኝ ሥር ይዞ ሲለመልም ምን እንላለን? "ጸደቀ" እንላለን። ሮሜን እና ገላትያን ስናነብ ስለ ኃጢአተኛው የምንለውን ቃል፣ ገበሬው ስለ ችግኙ ይለዋል። መተከልና መጽደቅ አንድ አይደሉም። በጉባኤያችን እጁን አንሥቶ ጌታን ተቀበልኩ ያለ ሁሉ በዓመቱ የት እንዳለ እንጠይቃለን፤ ካልጠየቅን እረኞች አይደለንም። እንግዲያው ስለ ችግኙም "ስንት ተተከለ" ብለን ማቆም የለብንም። "ስንቱ ጸደቀ" ብለን እንጠይቅ። በቀበሌው ስብሰባ እጅ አውጥቶ ይህን በትሕትና መጠየቅ አመፅ አይደለም፤ የነዋሪ ድርሻ ነው።

ጳውሎስ ተከለ፣ አጵሎስ አጠጣ፣ ያሳደገው ግን እግዚአብሔር ነው (1ቆሮ. 3፥6)። በእኛ አገር ጳውሎስ ሞልቷል፤ በሐምሌ ዝናብ ሁሉም ይተክላል። የጠፋው አጵሎስ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ምድር ደርቃ ፍየል በሚራብበት ወራት፣ ውኃ ይዞ የሚወጣው ማን ነው?

የአንዲት እናት ማሳ

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር የሚኖሩ፣ ባላቸውን በሞት ያጡ አንዲት እናት አሉ። ሙስሊም ናቸው። ጉልበት ስለሌላቸው ከሴፍቲኔቱ ያለ ሥራ ከሚረዱት መካከል ናቸው። ያቺ ለማሽላ የሚያከራዩዋት ማሳ ጥግ ላይ ቦረቦር ነበረ፤ በየክረምቱ ወደ እርሷ ይጠጋ ነበር። እርዳታው በአንድ እጅ ሲሰጣቸው ጎርፉ በሌላው እጅ ይወስድባቸው ነበር ማለት ይቻላል።

በዘመቻው ክትር ተሠራ። በዓመቱ ፈረሰ። እንደገና ተሠራ፤ እንደገና ፈረሰ። ምክንያቱ ሥውር አይደለም። ከላይ ያለው ተዳፋት በልቅ ግጦሽ ተራቁቷል፤ ከብት በክትሩ ላይ ይሻገራል፤ ጎርፉ የተላላውን ድንጋይ አግኝቶ ይንደዋል። በሦስተኛው ዓመት ነገሩን የያዘው የመንደሩ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት አብረው የሚቀብሩት ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ የእኛ ሁለት ቤተሰቦችም ተቀምጠው ደንብ አወጡ። ከቦረቦሩ በላይ ከብት አይገባም፤ ሣሩ ታጭዶ በሸክም ይወሰዳል፤ በየሳምንቱ ሁለት አባወራ ተራ ይጠብቃል፤ የተላላ ድንጋይ ያየ በዚያው ቀን ይመልሰዋል። በክትሩ ዳር ደሾ ሣር ተከሉ። የመጀመሪያው አጨዳ ለእኚያ እናት እንዲሆን ወሰኑ፤ እርሳቸውም ሣሩን ሸጡት።

ቦረቦሩ አልደፈነም፤ ዛሬም አለ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ግን፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮ መሬቴ ባለበት አደረ" አሉኝ። እኔም ጌታን አመሰገንኩ። ዘመቻ ሁለት ጊዜ ያልቻለውን፣ ተራ ጠባቂ ቻለው። ድንጋዩን ያቀረበው ግን ዘመቻው ነው፤ ያለ እርሱ ቅሬው የሚጠብቀው ነገር አይኖረውም ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙን አንናቀው። እንጨርስለት።

"ምድር ትቃጠል የለም ወይ?"

አንዳንድ ወንድሞች ሁለተኛ ጴጥሮስ 3፥10ን ያነሡብኛል። ምድር በእሳት የምታልፍ ከሆነ ዛፍ መትከል ምን ይረባል ይላሉ። መልሱ ከዚያው ምዕራፍ ነው። ሐዋርያው ይህን የተናገረው እጃችንን እንድናጣጥፍ አይደለም፤ በቀጣዩ ቁጥር በቅድስና እንዴት ልትኖሩ ይገባችኋል ብሎ ሊጠይቀን ነው። በጥንታውያኑ የግሪክ ቅጂዎችም፣ ምድርና በእርሷ ላይ የተሠራው ሥራ "ይገኛል"፣ ማለትም በጌታ ፊት ይገለጣል የሚል ንባብ አለ። የሚገለጥ ሥራ ያለው ሰው ግድ የለሽ ሊሆን አይችልም። ነገ እንደምንሞት እያወቅን ዛሬ ሰውነታችንን እንታጠባለን፤ ልጆቻችንን እናበላለን። ጳውሎስም ፍጥረት ሁሉ የእግዚአብሔርን ልጆች መገለጥ በናፍቆት እንደሚጠብቅ ጽፏል (ሮሜ 8፥19)። የአምባሰል ተራራ የእግዚአብሔርን ልጆች ሲያይ ምን ያያል?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ አካባቢ ሲያልፍ የደረሰብንን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከዚያም ወዲህ ሰላም ሙሉ ሆኖልን አያውቅም። "በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ችግኝ ይወራል?" የሚል ሰው አልነቅፍም። ነገር ግን የሙሴ ሕግ፣ ሠራዊት ከተማ ከቦ ሳለ እንኳ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆረጥ ያዛል (ዘዳ. 20፥19)። ጌታ በጦርነት መካከል ስለ ዛፍ የተናገረው፣ ከጦርነቱ በኋላ የሚበላ ሰው እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ዕቅድ ሲወጣ እንገኝ። የምናማርረው በጥር ነው፤ ዕቅዱ የሚወጣው ግን ከዚያ በፊት ነው። የትኛው ተዳፋት ይቅደም? የትኛው ችግኝ ይምጣ? ሣሩስ ለማን ነው? እኛ ካልተገኘን ዕቅዱ ያለ እኛ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ ከችግኙ በፊት ጠባቂው ይታወቅ። አንድ ቤተሰብ በዓመቱ ሊያሳድግ የሚችለውን ያህል ብቻ ይትከል። አምስት ተክሎ አምስቱን በእሾህ አጥሮ፣ ሥሩን በገለባ ሸፍኖ፣ በበጋ ማጠጣት፣ መቶ ተክሎ ከመርሳት ይሻላል። ወይራው፣ ዋንዛው፣ ግራሩ በየቦታው አለ፤ ባሕር ዛፍን ከምንጭ እናርቀው።

ሦስተኛ፣ ከብታችንን እንሰብስብ። ምስክርነታችን ከፍየላችን ይጀምራል። የሚያጭደው ሣር የሌለውን ድሃ ግን አስቀድመን እናስበው፤ በ1983 ዓ.ም. እርከን ያፈረሰው የተረሳ ሰው ነበር።

አራተኛ፣ የሴፍቲኔት ተረጂዎች በሚለዩበት ስብሰባ እውነት እንናገር። ዘመዳችን ስለሆነ የማይገባውን አናስገባ፤ ዘመድ ስለሌለው የሚገባው አይቅር። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ መናገር የማትችለውን እናት እጇን ይዘን እንውሰዳት።

አምስተኛ፣ የከተማ ነዋሪ የሆንን "ይህ የገበሬ ጉዳይ ነው" አንበል። ከተራራው የወረደው ጎርፍ የሚያልፈው በደጃችን ነው። ሰኔ ሳይገባ የደጃችንን ቦይ እንጥረግ፤ ፌስታል ወደ ቦዩ አንጣል።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያስጠግን ብዙዎቹ በየቤታቸው አንጻር ሠሩ። ወርቅ አንጥረኛውም፣ ሽቶ ቀማሚውም፣ የአንድ ሹም ሴቶች ልጆችም ተጽፈዋል። የቴቁሐ ታላላቆች ግን ለሥራው አንገታቸውን ዝቅ እንዳላደረጉ ያው ምዕራፍ መዝግቧል (ነህ. 3፥5)። መዝገብ ከተፈለገ፣ የሚያስፈራው መዝገብ ይህ ነው።

ከጎረቤቶቻችንም እንማር። በአገራችን ተራራ ሁሉ ተራቁቶ ዛፍ የቀረው በአብዛኛው በጥንታውያኑ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሄደ ሰው ይህን ያያል። ዘመቻ አልጠበቀውም፤ ሰዎች ቦታው የእግዚአብሔር ነው ብለው ስላመኑ ጠበቁት። እኛ ደግሞ ምድርና ሞላዋ የጌታ ናት ብለን እንሰብካለን (መዝ. 24፥1)። ያመንነው ይህንን ከሆነ የምንጠብቀው አጥራችን ውስጥ ያለውን ብቻ ሊሆን አይችልም።

ያ ወጣት አሁን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከጉባኤያችን በላይ ባለው ተዳፋት ሃያ ሰባት ችግኝ ተረክቧል። ስሙን የመዘገበለት የለም። በመጪው ግንቦት ስንቱ ጸደቀ ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ እናንተም በየሰፈራችሁ ጠይቁ።

የማያንቀላፋው ጠባቂ እኛንም ጠባቂዎች ያድርገን። አሜን።